በአድማ መሀል የደረስኩት ለቅሶ

ይህን ገጠመኝ ለሰው ስነግር መጀመሪያ የሚቀርብልኝ ጥያቄ "አንቺን ደግሞ ከመኪና ውድድር ምን አገናኘሽ?" የሚል ነው። እንግዲህ እሱን ቀድሜ ልገላገልና ወደ ዋናው ነገር ልለፍ።

አስቴር እባላለሁ፤ ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። የምኖረው ስቶክዌል፣ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር፣ በሰጠኝ ፍላት ነው። የእኔ ሥራ ዋና ጥበቡ ከማንም ጋር አለመነካካት ነው። የቆመ መኪና መስታወት ብጭር እንኳ ቢሮ ተጠርቼ ስንት ነገር እጠየቃለሁ። ልጄ ቤተልሔም ግን የእኔ ተቃራኒ ሆና ወጣች። ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ናት። የሥራ ባልደረባዋ አንድ እሑድ ስቶክ ካር የሚባለውን ውድድር ሊያሳያት ይዟት ሄደ፤ በዚያው ቀረች።

ስቶክ ካር ላላያችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ የቤት መኪና ይገዛል። ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ምኑም ምናምኑም ይወጣና ውስጡ በብረት ይታጠራል። ፊትና ኋላው ላይ ወፍራም ፓራውልት ይበየዳል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ክብ ሜዳ ላይ ይለቀቁና ይሽከረከራሉ። ከፊት ያለውን ገፍትሮ ማለፍ ይፈቀዳል። እንዲያውም ሕዝቡ ከፍሎ የሚገባው ግፍትሪያውን ሊያይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ውድድሩ ያለቀው ዓይኔን ጨፍኜ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ስል ነው። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ በመስኮቱ በኩል ከመኪናው ስትወጣ አየኋት። ትስቅ ነበር። አባቷ ጥሎን ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ ልቆጣ ያዘጋጀሁትን ቁጣ ዋጥኩት።

በስታዲየሙ ደንብ እያንዳንዱ መኪና ኃላፊነት የሚወስድ ባለቤት ማስመዝገብ አለበት። ቤቲ ያኔ ኢንሹራንሱን በራሷ ስም ማውጣት አልቻለችም፤ በእኔ ስም ወጣ። እንዲህ አድርጌ በስተርጅና የውድድር ቲም ባለቤት ተባልኩ። ቲሙ እኔ፣ ቤቲ፣ አንድ አሮጌ ቫንና አንድ ተሳቢ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ "መኪና ትጠግናለች" እላለሁ። ውሸት የለበትም። እሑድ ያጋጨችውን ሰኞ ትጠግናለች።

ስታዲየሙ ከከተማው ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቱም የውድድሩ አዘጋጅም ሬይ የሚባል፣ ሰባ ዓመት የተጠጋው ሰውዬ ነበር። የመግቢያው ገንዘብ የእሱ ነው፤ የምግቡ የእሱ ነው፤ ውድድሩ በኢንተርኔት ሲተላለፍ የሚገኘውም የእሱ ነው። እኛ መኪናውን፣ ጎማውን፣ ነዳጁንና የልጆቻችንን አጥንት ይዘን እንመጣለን። በዚያ እንኳ ብዙ አላጉረመረምንም፤ ባለመኪኖቹ ሁሉ ለፍቅር ብለው የሚሠሩት ነገር ነው። ያንገበገበን ሌላ ነበር። በውድድሩ ላይ ያለን ቦታ የእኛ አልነበረም። ሬይ በፈለገው ቀን ደውሎ "ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ቦታሽን ለሌላ ሰጥቼዋለሁ" ማለት ይችላል። አድርጎታልም። ዕድሜ ልኩን እዚያ ሜዳ ላይ የተሽከረከረ አንድ ሽማግሌ በስልክ ተሰናብቶ ቦታው አባቱ ሀብታም ለሆነ ጎረምሳ ተሰጠ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ እየከፈለ ገብቶ ከተመልካቹ መሀል ይቀመጥ ነበር። እሱን ባየሁ ቁጥር ቤቲን ነበር የማስበው።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ውድድር በሌለበት ወራት፣ ሬይ አዲስ ውል አወጣ። በሌላ ስታዲየም መወዳደር የለም፤ ስለ ስርጭቱ መጠየቅ የለም፤ ቦታ ሰጪም ነሺም እሱ ነው። እያንዳንዱ ባለመኪና የውድድር ዘመኑ በሚከፈትበት እሑድ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ለየብቻው ይፈርም፤ ያልፈረመ በሩን አያልፍም ተባለ።

ተሰበሰብን። የተሰበሰብነው ደሬክ ግቢ ነው። ደሬክ አሮጌ መኪና እየፈታ ዕቃውን የሚሸጥ፣ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ እንግሊዛዊ ነው፤ የሱን መኪና የሚነዳው ልጁ ነው። ባለመኪኖቹ እርስ በርሳቸው በየሳምንቱ ሲጋጩ የኖሩ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያምንም። እኔ ግን በአውቶቡስ ጋራዣችን የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተወካይ መሆኔን ቤቲ አውርታ ኖሮ፣ "እስቲ አስቴር ትናገር" አሉ። ተናገርኩ። አንዳችን ስንቀር ቦታችን በሌላ ይሞላል፣ ሁላችንም ስንቀር ግን ሬይ ያለው ባዶ ሜዳ ነው አልኳቸው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውንም ተርጉሜ ነገርኳቸው። ደሬክ አንበሳውን አውቀዋለሁ፣ ድሩ ነው የሚያሳስበኝ ብሎ አሳቀን።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ሆነ። ቦታው የባለመኪናው ይሁን፤ ለልጁ የሚያወርሰው፣ ሲደክመውም የሚሸጠው ይሁን። ሁለት ቃልም ተገባባን። የመጀመሪያው፣ ማንም ለብቻው አይፈርም። ሁለተኛው፣ ማንም ሬይን ለብቻው አያነጋግርም። ሁለተኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማኔጀር ሠራተኛን የሚሰብረው በስብሰባ ላይ ሳይሆን አንዱን ነጥሎ ሻይ ሲጋብዝ ነው፤ ይህን በጋራዣችን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁሉም እጁን አወጣ።

ደግሞም ሠራ። ሬይ ለእያንዳንዱ ደወለ፤ እያንዳንዱም "ከሌሎቹ ጋር ሆነን ነው የምናነጋግርህ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ዓርብ ዕለት ሬይ ተሸነፈና እሑድ ጠዋት ከሁላችሁም ጋር እቀመጣለሁ ብሎ ላከብን። ቤቲ ያን ቀን ከሥራ መጥታ አቅፋ አነሳችኝ። መኪናውን አዲስ ቀለም ቀብታው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሴ ውስጥ ሆኜ መነሻ ሰዓቴን ስጠብቅ ስልኬን ከፈትኩ። የሬይ ሚስት ሞሪን ሌሊት በድንገት አርፋለች።

ሞሪን በስታዲየሙ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ነበረች። እዚያ ሰዎች መጀመሪያ ሲያዩኝ መንገድ ጠፍቶብኝ የገባሁ ነበር የመሰላቸው። ቤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረች ዕለት ከአጥሩ ተጠግቼ ስጸልይ ያችው ሞሪን ሻይ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ምንም አላለችኝም። ቤቲ ግድግዳውን ስትመታ እጄን ያዘችኝ፤ ውድድሩ እስኪያልቅም አልለቀቀችኝም። ሻይ ፈላጊው ሁሉ ተሰልፎ እየጠበቃት ነበር።

ደሬክ በባለመኪኖቹ የዋትስአፕ ግሩፕ ጽፏል። በጣም አዝነናል፤ በሁላችንም ስም ካርድና አበባ ከእሑድ በኋላ እንልካለን፤ ቤተሰቡን እስከዚያው አናስቸግር። ሬይ ውድድሩ ይቀጥል፣ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር ብሏል። ቃላችን እንዳለ ነው። ሁሉም ከሥር የተሰበረ ልብ ምስል ለጠፈበት። እኔም ለጠፍኩና ስልኬን ዘጋሁ።

ቀኑን ሙሉ ስነዳ ያ ምስል አላስቀምጥ አለኝ። ከሥራ ስወጣ ቤት ገብቼ ሩዝ በካሮትና በአተር ሠራሁ፤ ጾም ነበር፣ ለሐዘን ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፤ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ። ቤቲ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ አየችኝና ገባት።

"ማሚ፣ ፕሊስ ዛሬ አትሂጂ" አለችኝ። "ነገ ከውድድሩ በኋላ ሄደሽ የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ።"

"ለቅሶ በቀጠሮ ነው?"

"እነሱ አይገባቸውም እኮ። ዘይ ዊል ቲንክ ልትፈርሚ የሄድሽ ነው።"

"የሰው ሚስት ሞታ ነው፣ ቤቲ።"

"አውቃለሁ። ግን ሩሉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።"

እውነቷን ነበር፤ እኔ ግን ያ ሕግ ለቅሶን የሚነካ መሆኑ በጭራሽ አልታየኝም። ማነጋገር ሌላ፣ ለቅሶ መድረስ ሌላ። እኛ ሀገር ሰው በፍርድ ቤት ሲካሰስ ይውልና የከሳሹ እናት ስትሞት ሄዶ ይቀመጣል። ፍርድ ቤቱ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ይህን ማስረዳት እንደሚያስፈልግ እንኳ አላሰብኩም። ቫኑን አስነስቼ ሄድኩ። ሌላ መኪና የለኝም፤ በቫኑ ጎን ላይ የመኪናችን ቁጥር ሰው በሩቅ በሚያየው ቀይ ቀለም ተጽፏል።

የሬይ ቤት ሐዘን ቤት አይመስልም። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ ሰው የለ። በሩን የከፈተልኝ ራሱ ነው። ሸሚዙ በተዛነፈ ቁልፍ ተቆልፏል። ነጠላዬንም ድስቴንም እያየ "ደሬክ ላከሽ?" አለኝ።

"ማንም አልላከኝም። ልቀመጥ ነው የመጣሁት።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ልቀመጥ።"

ከበሩ ፈቀቅ ብሎ አስገባኝ።

ልጁ የሚኖረው አውስትራሊያ ነው፤ ገና መንገድ ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መጀመሪያ እንግሊዞች ዝምታ ሲያስጨንቃቸው እንደሚያደርጉት ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፤ በአጭሩ መለስኩለት። ከዚያ የሚጠይቀው አለቀ። ዝም አልን። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ዝምታ ከባድ ነው፣ ትንሽ ሲቆይ ግን ሰው እየለመደው ይሄዳል። ተነስቼ ሻይ አፈላሁ። ሩዙን አሙቄ ሰጠሁት፤ ጥቂት ቀመሰ። አመሻሹ ላይ የሞሪንን የንባብ መነጽር ከወንበሩ ክንድ ላይ አንስቶ ያዘው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ነበር አለኝና አለቀሰ። ሰው ጮክ ብሎ ሲያለቅስ እኛ ዘንድ አብሮ ይለቀሳል፤ አብሬው አለቀስኩ። ለሞሪን ብቻ አልነበረም፤ አፈሯን ላልነካሁት ለእናቴም ነበር።

ሲረጋጋ አፍንጫውን ጠረገና "ስለ ነገው ጉዳይ..." ብሎ ጀመረ።

"ዛሬ አይሆንም፣ ሬይ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አልተመለሰበትም። ከዚያ ወዲያ እስክነሳ ድረስ ስለ ምንም አላወራንም። ስሰናበተው በእንግሊዝኛ የምለው ቃል አጣሁ። "ሶሪ" አውቶቡስ ላይ እግሬን የረገጠኝም የሚለው ቃል ነው። ትከሻውን ይዤ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አልኩት፣ በአማርኛ። የገባው ይመስለኛል።

ቤት ስደርስ ቤቲ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ከባለመኪኖቹ አንዱ ኬቨን የሚኖረው የሬይ ቤት ፊት ለፊት መሆኑን አላውቅም ነበር። ቫናችንን ከነቁጥሩ ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጥፎታል። ቆየት ብሎም ሌላ ለጥፏል፤ ቫኑ እዚያው እንደቆመ ነው። ከሥር የተጻፈውን አልደግመውም። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፤ አስቴር ፈረመች፣ ስለዚህ እኛም ብንፈርም ይሻለናል።

ደሬክ ወዲያው ደወለ። እስከ መጨረሻው አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሱ ቤት ነበርሽ?"

"አዎ። ለሞሪን ሄጄ ነበር።"

"ምን ያህል ቆየሽ?"

"ሁለት ሰዓት ያህል ይሆናል።"

"ምን አወራችሁ?"

"ምንም አላወራንም።"

ከዚያ በጣም በደከመ ድምፅ "አስቴር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም?" አለኝ።

ልማዳችን እንደሆነ፣ ሰው ሲሞት ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳለ፣ ወሬ የማያስፈልገው እንደሆነ አስረዳሁት። እየተናገርኩ የገዛ ድምፄን ስሰማው ለእኔም የውሸት መሰለኝ። ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው የሚያመጣው ዓይነት ሰበብ ነው። እሱ ጨዋ ነውና ውሸታም አላለኝም። ቢያንስ ነግረሽን ለምን አልሄድሽም፣ ከእኛ አንዱን ይዘሽ ለምን አልሄድሽም አለ። ለለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅም አልኩት። "እኔ እንግዲህ ላምንሽ እችላለሁ" አለ፤ "ነገ ጠዋት ግን የሚያምንሽ አላመጣልሽም። ልጄም ቦታ ያስፈልገዋል።"

ግሩፑ ላይም ጻፍኩ። በአጭሩ፣ በግልጽ፣ በቀና እንግሊዝኛ። አልፈረምኩም፤ ስለ ውሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ የሄድኩት ለሐዘን ነው። ማንም አልመለሰም። እንዳነበቡት የሚያሳየው ምልክት ብቻ አንድ በአንድ ሰማያዊ ሆነ።

እሑድ መኪናዋን በተሳቢው ጭነን ደረስን። ሁላችንም አብረን በሩ ላይ ቆመን ሬይ ወደ እኛ እንዲመጣ ነበር የተስማማነው። ያየሁት ግን ሰልፍ ነው። ባለመኪኖቹ በየተራ የበሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ቢሮ ይገባሉ፤ ሲወጡ መኪናቸውን እየጎተቱ ወደ ውስጥ ያልፋሉ። ሲያልፉ ወደ እኔ አያዩም። ኬቨን ብቻ አየኝ፤ ብልጧ የሚል ዓይነት አስተያየት ነበር፤ ምናልባት አድናቆትም አለበት። ከስድቡ ይልቅ ያ አድናቆት አቃጠለኝ።

ደሬክ መጨረሻ ላይ መጣ። የቫኔን መስኮት አንኳኳ። ልጁን እያሳየኝ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመና ገብቶ ፈረመ። ስንት ሳምንት የደከምንበት ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ። ሬይ አንድም ቃል መናገር አላስፈለገውም። እኔ ቃሌ ቃል ነውና አልፈርምም ብዬ ቁጭ አልኩ። ቤቲ የውድድር ልብሷን እንደለበሰች፣ ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣለች። አልፈርምም ስል ያለፈው ዓመት ሁሉ፣ ሌሊት ሌሊት የበየደችው ብረት ሁሉ እንደሚቀርባት ሁለታችንም እናውቃለን። አልተከራከረችኝም።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሬይ ራሱ ከቢሮው ወጣ። ጥቁር ክራባት አስሯል። ወደ ቫናችን ሲመጣ ፈርመው የገቡት ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ተደርድረው ያያሉ። መስኮቱን አወረድኩ።

"አንቺ መፈረም የለብሽም" አለኝ። "ግቢ። ቦታው ያንቺ ነው፤ ካንቺ በኋላም የልጅሽ። ከፈለግሽ በጽሑፍ እሰጥሻለሁ።"

ሁላችንም የጠየቅነውን፣ ያደምንበትን ነገር፣ አንድም ሳይጎድል ለእኔ ብቻ ሰጠኝ። ከልቡ ይሁን ወይስ በብልጠት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን አልተኛም። ሐዘንተኛም ሆኖ ነጋዴ መሆን ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ወደ ቤቲ ዞርኩ። "ምን ትያለሽ?" አልኳት።

ሄልሜቷን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። "በስምሽ ነው ያለው" አለች፤ "አንቺ ወስኚ።"

ይህን የምታነቡ ወላጆች ትፈርዱብኛላችሁ። ከአጥሩ ማዶ የቆሙትን አየኋቸው። ብገባ ትናንት የተቀመጥኩበት ሰዓት ሁሉ የገበያ ሰዓት ይሆናል። እንባዬ ሳይቀር። ለሞሪን የደረስኩት ለቅሶ በወረቀት ተጽፎ ዋጋ ይወጣለታል። ልጄም ያንን ዋጋ ለብሳ ነው የምትሽከረከረው። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ ናት፤ የሳቀችው እዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ደከመኝ። ያን ያህል የደከመኝን ቀን አላስታውስም።

"ሬይ" አልኩት፣ "በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሚመለሰው በለቅሶ ነው። ሌላ ክፍያ የለውም። ቦታውን ለሁሉም ስጥ፣ እገባለሁ።"

ለሁሉም አልችልም አለኝ፤ ሁሉም እኮ ፈርመዋል። እውነቱን ነው። ቫኑን ወደ ኋላ መለስኩ። ተሳቢ ይዞ በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ሁሉም እያዩኝ ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ። ያ ሁሉ ሰው ተሳቢ መጎተት ያውቃል፤ ማንም ወጥቶ ቀኝ ግራ አላለኝም።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ስንደርስ መብራቱ ያዘን። ያኔ ቤቲ ወደ ፊት እያየች ተናገረች።

"ማሚ፣ አልቆጣሽም። ፕሮሚስ። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ትናንት ምን ተባባላችሁ?"

"ምንም።"

"ለእኔም?"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ። ነዳሁ። ደሬክ ሲጠይቀኝ ተናድጄ ነበር፤ እሷ ስትጠይቀኝ መናደድ አቃተኝ። ለንደን ወልጄ ለንደን አሳድጌያታለሁ። ለቅሶ ስሄድ ሁልጊዜ "አንቺ አጥኚ" ብዬ ቤት ትቻት ነው የምሄደው። ሰው ከሰው ጋር ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይታ አታውቅም። ያላየችውን ከየት አምጥታ ትመን?

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የሆነው ይኸው ነው። ሬይ በዚያ ውል ባለመኪኖቹን እንዳሻው እያደረጋቸው ነው ሲሉ እሰማለሁ። የእኛን ቦታ ጥቂት ሳምንታት ባዶ አድርጎ ጠበቀና ለሌላ ሰጠው። ቤቲ አሁን ወደ ሰሜን ርቃ በሌላ ስታዲየም በሰው መኪና ትወዳደራለች፤ ቅዳሜ ሄዳ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ደህና ነን። ያን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም፤ መልሱን ያመነችው ይሁን የተወችው አላውቅም። ከገዛ ልጅ ጋር እንዲህ ያለ ነገር መሀል ላይ አስቀምጦ መኖር ይቻላል፤ እየተኖረም ነው።

ለቅሶው አይጸጽተኝም። በእሱ የምትስቁብኝ ካላችሁ ሳቁ። ያደከመኝ ሌላ ነው። ሰዎች ሲያብሩ የሚፈልጉት ነገር አንድ ከሆነ በቂ ይመስለኝ ነበር፤ ስንት ዓመት በዩኒየን ስብሰባ ላይ የሰበክሁት ይህንኑ ነው። በቂ አይደለም። ደሬክና እኔ የፈለግነው ፍጹም አንድ ነበር። ክፉ ሰው በመካከላችን አልነበረም። የተለያየነው ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል በሚለው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማናችንም አስቀድመን ለመጠየቅ አላሰብንም። ለእሱ ካርድ መላክ ጨዋነት ነው፤ ለእኔ መቀመጥ። ሁለቱም ጨዋነት ሆነው ሳለ አድማችንን በሉት።

ባለፈው ወር በአውቶቡስ ጋራዣችን ከኩባንያው ጋር ክርክር ተጀመረና ሾፌሮቹ ዳግመኛ ተወካይ አድርገው መረጡኝ። ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ቢሆንም እምቢ አላልኩም። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከየሀገሩ የመጣን ሰዎች ተቀምጠን ቃል ልንገባባ ስንል እጄን አወጣሁ። ከመስማማታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ አልኩ፤ በክርክሩ መሀል ከማኔጀሩ ቤት ሰው ቢሞት ሄዶ መቀመጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቄ ጥያቄውን ደገምኩት።